ስንት አመጣ? የመሪዎቻችንን የምርጫ ውጤት ከደሴ ሆኖ ማንበብ

ደሴ ላይ የምርጫ ውጤት የሚጠየቀው እንደ ማትሪክ ውጤት ነው። «ስንት አመጣ?» ነው የሚባለው።

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ሁለት ሰዎች ስለ ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ያወራሉ። አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ይመስላሉ። ሌላው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ልጁ ድንገት «ቆይ ጋሼ፣ መለስ በየምርጫው ስንት ነበር የሚያመጣው?» አላቸው። ጋሼው ማኪያቷቸውን አማሰሉ። «ማሸነፉን አውቃለሁ፣ ስንት እንዳመጣ ግን እንጃ» አሉት። ጨዋታው ወደ ኑሮ ውድነት ዞረ። እኔን ግን ጥያቄው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ቁጥሮቹን አውቃቸዋለሁ። ከቁጥሮቹ መሃል የልጁን ጥያቄ የሚመልስ ግን አንድም አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደሴ ሰው አቶ መለስ ዜናዊን መርጦ አያውቅም። ወደዳቸውም ጠላቸውም ስማቸው እዚህ ለምርጫ ቀርቦ አያውቅም። ከ1987 እስከ 2004 ዓ.ም. 17 ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚወዳደሩት አድዋ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለመራጩ የሚሰጠው ወረቀት ላይ የነበረው የአካባቢው ዕጩ ስምና የፓርቲው ምልክት ነው። የኢሕአዴግ ከሆነ ንቧ።

ሕገ መንግሥታችን ያስቀመጠው መንገድ ይኸው ነው። አንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። አንቀጽ 56 ደግሞ በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል ይላል። ስለዚህ ድምፃችን መሪው ዘንድ የሚደርሰው ሁለት ደረጃ ወጥቶ ነው። መጀመሪያ የሰፈራችንን ዕጩ አራት ኪሎ ያስገባል። ከዚያ የገቡት ሰዎች ተሰብስበው መሪውን ይመርጣሉ። «መሪው ይህን ያህል አመጣ» ስንል የምንቆጥረው የፓርቲውን ወንበር ነው።

ወንበሮቹን ልደርድራቸው። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። በ1987 ኢሕአዴግ 471 ወሰደ። በ1992 አሁንም ከ470 በላይ። በ1997 ወደ 327 ወረደ። በ2002 ብቻውን 499፣ አጋር ከሚባሉት ፓርቲዎች ጋር 545 ሆነ። አቶ መለስ ካረፉ በኋላ በመጣው የ2007 ምርጫ፣ በአቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ዘመን፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ አንድም ወንበር ለተቃዋሚ ሳያስቀሩ ሁሉንም ያዙ። በ2013 ብልጽግና በመጀመሪያው ዙር ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች 410 አገኘ።

ይህን ረድፍ ልጁ ቢያየው እንደ ክፍል ውጤት ያነበዋል። 1997 ላይ ተማሪው ሰንፏል፣ 2007 ላይ ደፍኗል ይላል። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ረድፍ ሰው ምን እንዳሰበ በደንብ የሚነግረን ዝቅተኛው ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ። ከፍተኛው ደግሞ ስለ ሕዝቡ የነገረን በጣም ትንሽ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1987 ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ከምርጫው ራሳቸውን አግልለው ነበር። የ1992ቱ ግንቦት 6 የተካሄደው ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት ሦስተኛ ዙር በፈነዳበት ሳምንት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የመንገድ ከተሞች ናቸው። ወደ ሰሜንም፣ በባቲ በኩል ወደ አሰብም የሚወስደው መንገድ በእኛ ያልፋል። በዚያ ሰሞን እዚህ የሰው ጆሮ ሬዲዮ ላይ የነበረው የግንባሩን ወሬ ፍለጋ ነው። ማን ምክር ቤት እንደገባ የጠየቀ ብዙ ሰው አላስታውስም።

1997 ግን ሌላ ነው።

ግንቦት 7 እሑድ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሰልፍ ይዘናል። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን እንደተከናነበ ነው። ብርዱን የደሴ ሰው ያውቀዋል። ከፊቴ ጎረቤታችን እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ፊደል አልቆጠሩም። ግድግዳው ላይ ወደተለጠፉት ምልክቶች ጠጋ አሉና እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ንቧ የትኛዋ ናት? ሁለቱ ጣትስ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ንቧ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት የዋናው ተቃዋሚ የቅንጅት ምልክት ነበር። ላሳያቸው ስል ደግሞ ቶሎ ብለው «የትኛውን እንደምመርጥ እንዳትነግረኝ፤ የት እንዳሉ ብቻ ንገረኝ» አሉ። ይህን ንግግራቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እማማ የማንን ምልክት እንደመረጡ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

በማግሥቱ ውጤቱ የምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ድምፅ እዚያው በተሰጠበት ጣቢያ ይቆጠራል፣ ውጤቱም እዚያው በር ላይ ይለጠፋል። ሰው ወረቀቷን ከቦ ይጋፋል። አንዱ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ፣ ሌላው መዳፉ ላይ ይጽፋል። አንድ የታክሲ ረዳት ጮክ ብሎ ቁጥሩን ያነባል። ከኋላ ያሉት «ድገመው!» ይላሉ። ሰው የራሱን ድምፅ ቁጥር ሆኖ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። እኔም ጭምር።

የዚያን ዓመት ነገር ልዩ ያደረገው ምን ነበር? ምርጫው ሳይጀመር ያለቀ አልነበረም። የገዢው ፓርቲና የተቃዋሚዎች ክርክር በቴሌቪዥን ቀጥታ ይተላለፋል። ቡና ቤቱ ሁሉ ኳስ እንዳለ ይሞላል። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ፣ ሚያዝያ 30 ቅንጅት መስቀል አደባባይን ሞሉት። ማን እንደሚያሸንፍ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ድምፅ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው። የመራጩ ድርሻ፣ ማለትም ከተመዘገበው ሰው ድምፅ የሰጠው፣ 82.6 በመቶ ተባለ። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ጠራርጎ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን። በአገር ደረጃ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ስብስብ ኅብረት 52 አገኙ።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ምርጫው ማታውኑ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ተከለከለ። በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። በሰኔና በጥቅምት ደም ፈሰሰ። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የተገደሉትን ሲቪሎች 193 አድርሷቸዋል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ የተፈቱት በ1999 ሐምሌ በይቅርታ ነው። ያን ዘመን ያየ ሰው የ1997ን 327 ንጹሕ ቁጥር ነው አይልም፤ እኔም አልልም። ቆጠራው ላይ ብርቱ ክርክር ነበር። ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የአቶ መለስ መንግሥት ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ በምርጫ ቁጥር ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ምን እንዳለች ተሰማ። ገጠሩም በብዙ ቦታ ሌላ ነገር እንዳለ ተሰማ። አገሪቱ አንድ ዓይነት ሐሳብ እንደሌላት ወረቀት ላይ ሰፈረ።

ኢሕአዴግ ከዚህ የተማረው ሌላ ነገር ነው። የሚቀጥለው ምርጫ ሥራ የተሠራው ከምርጫው ቀን ብዙ ቀድሞ ነው። በ2000 የፕሬስ ሕጉ፣ በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጁና የፀረ ሽብር አዋጁ ወጡ። የፓርቲው አባላት ቁጥር ከአምስት ሚሊዮን አለፈ ተባለ። በየመንደሩ አንድ ለአምስት ተደራጀ። እኛም ቤት አንድ ምሽት አንድ ሰው መጥቶ የነበረው ትዝ ይለኛል። ትሑት ሰው ነበር። ቡና ጠጣ። «ካርድ ወስዳችኋል አይደል?» አለ። ወስደናል አልነው። «እንግዲህ ልማታችንን አትርሱ» ብሎ ወጣ። አላስፈራራንም። ግን እሱ ከወጣ በኋላ እናቴ በሩን ዘጋችና ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። እማማ በ1997 «እንዳትነግረኝ» ያሉት ነገር በ2002 ቤታችን ድረስ መጥቶ ተጠየቀ።

ውጤቱ 499 ሆነ፤ ከአጋሮች ጋር 545። ከ547 የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ የተቃዋሚዎቹ ስብስብ የመድረክ ዕጩ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ሌላው በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። ከአምስት ዓመት በፊት 23 ለዜሮ ኢሕአዴግን የጣለችው አዲስ አበባ አሁን 22 ለአንድ ኢሕአዴግን መረጠች ተባለ። የመራጩ ድርሻ 93.4 በመቶ ሆነ። ከ1997 ይበልጣል። ሰው በአምስት ዓመት ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። አንድ ከተማ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሐሳቡን ሲለውጥ ግን ከቁጥሩ በፊት መሃል ላይ የተሠራውን ማየት ይገባል።

እዚህ ላይ የቆጠራው ስልትም የራሱ ድርሻ አለው። ብዙ ሰው ስለማያስተውለው ቀስ ብዬ ላስረዳ። የእኛ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ አንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ ያገኘ ሁሉንም ይወስዳል የሚል ነው። ኮምቦልቻ ላይ 100 መራጭ አለ እንበል። አምስት ዕጩዎች ቀረቡ። አንዱ 30፣ ሌላው 25፣ ሦስተኛው 20፣ አራተኛው 15፣ አምስተኛው 10 አገኙ። 30 ያገኘው ይገባል። የ70ው ሰው ድምፅ ተቆጠረ እንጂ ወንበር አላገኘም። አሁን ይኸው ነገር በ547ቱም የምርጫ ክልል ተደገመ በሉ። በየቦታው 30 በመቶ ያገኘ አንድ ፓርቲ 547ቱንም ወንበር ይወስዳል። ዜናው «መቶ በመቶ አሸነፈ» ይላል። ይህ እንዲያው ለማስረዳት ያጋነንኩት ነው። የሥርዓቱ ጠባይ ግን ይህ ነው። ወንበርን እንጂ ድምፅን አያንፀባርቅም።

ለዚህ ከውጭ የማነሳው የህንዱን ናሬንድራ ሞዲን ነው። ህንድ የምትጠቀመው የእኛን ዓይነት ስልት ነው። የሞዲ ፓርቲ በፈረንጆቹ 2014 ከድምፁ 31 በመቶ አግኝቶ ከ543 ወንበሮች 282 ወሰደ። ያ ብቻውን አብላጫ ነው። በ2019 ድምፁ ወደ 37 በመቶ ከፍ ሲል ወንበሩ 303 ሆነ። በ2024 ድምፁ ከ37 በመቶ ብዙም ሳይርቅ ወንበሩ ወደ 240 ወረደና አብላጫውን አጣ። ዴልሂ ላይ አንድ ልጅ «ሞዲ ስንት አመጣ?» ቢል ሁለት መልስ አለው። በድምፅ ቢጠይቅ ሰውየው ባለበት ቆሟል። በወንበር ቢጠይቅ ትልቅ ውድቀት ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ታዲያ የ2007ቱን መቶ በመቶ በዚህ ዓይን ላንብበው። ኢሕአዴግን ያልመረጠ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ያልመረጠው ሰው ድምፅ ወንበር አላገኘም ማለት ነው። ያ ሰው ግን አለ። ግብር ይከፍላል፣ ልጁን ያስተምራል፣ መሬቱ ይወሰድበታል፣ ልጁ ተመርቆ ሥራ ያጣል። ብሶቱን የሚናገርለት አንድ እንደራሴ ምክር ቤቱ ውስጥ የለም። ብሶት ደግሞ በምርጫ ውጤት አይጠፋም፤ ሌላ በር ይፈልጋል።

ፈለገም። ምርጫው ግንቦት 2007 ነው። በኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። በሐምሌና በነሐሴ ጎንደርና ባሕር ዳር ተነሱ። መስከረም 2009 ላይ የኢሬቻው ሐዘን ደረሰ፤ ወዲያው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካቲት 8 ቀን 2010 አቶ ኃይለማርያም ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በታሪካችን ትልቁን የምርጫ ቁጥር የያዘ መንግሥት ሦስት ዓመት ሳይሞላው መሪውን ሸኘ። ያን ቁጥር አምኖ ከተቀመጠ ሰው ይልቅ በገበያና በለቅሶ ቤት የሚባለውን የሰማ ሰው የሚመጣውን ቀድሞ አውቋል። ደሴ ላይ ያን ጊዜ ቡና ሲጠጣ፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ ወሬው ሌላ አልነበረም።

ወደኋላም ቢኬድ ተመሳሳይ ነገር ይገኛል። ጥር 24 ቀን 1979 ደርግ ሕገ መንግሥቱን ለሕዝበ ውሳኔ አቅርቦ 81 በመቶ ደገፈው ተባለ። በዚያው ዓመት ለ835 የሸንጎ፣ የያኔው ምክር ቤት፣ ወንበሮች ምርጫ ተደረገ። ሸንጎው ኮሎኔል መንግሥቱን ፕሬዚዳንት አደረገ። በ1983 ግንቦት ያ ሁሉ አልነበረም።

በነገራችን ላይ በ2010 የአገሪቱን መሪ የለወጠው ምርጫ እኛ የተሰለፍንበት አይደለም። የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት። በመጋቢት ወር ተሰብስበው ሊቀመንበር መረጡ። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108 ድምፅ አገኙ። መጋቢት 24 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አቶ ኃይለማርያምም ቢሆኑ መጀመሪያ የመጡት በዚሁ በር ነው። የአቶ መለስን ሞት ተከትሎ መስከረም 2005 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አገር አቀፍ ምርጫ አልነበረም። ሕጋዊ ነው፤ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ብቻ «ስንት አመጣ?» ለሚል ልጅ ስለ 2010 ልንነግረው የምንችለው ቁጥር 108 ነው። ሌላም አለ። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱን በሁለት የሥራ ዘመን ሲገድብ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ገደብ አላስቀመጠም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን የምክር ቤቱ ዘመን ነው ይላል። ስለዚህ የመሪው መቆያ ከወንበር ቁጥር ጋር የታሰረ ነው፤ ቁጥሩ ላይ ይህን ያህል የሙጥኝ የሚባለውም አንድም ለዚህ ይመስለኛል።

ትልቅ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ በደንብ የሚታየው ጎረቤታችን ኬንያ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ነሐሴ ኡሁሩ ኬንያታ 54 በመቶ አግኝተው አሸነፉ ተባለ። ከ8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘው። በጥቅምት ሲደገም ተፎካካሪያቸው ራይላ ኦዲንጋ አልወዳደርም አሉ። ኡሁሩ 98 በመቶ አመጡ። ያገኙት ድምፅ ግን ወደ 7.5 ሚሊዮን ወርዷል። የመራጩ ቁጥርም በግማሽ ያህል ቀንሷል። የደገፋቸው ሰው አነሰ፣ መቶኛው ግን ጣሪያ ነካ። ይህን ለማንም ሰው ሳስረዳ መጀመሪያ አያምነኝም። ስሌቱን ሲሠራ ዝም ይላል።

በሌላ በኩል ጀርመንን 16 ዓመት የመሩት አንጌላ መርክል አሉ። ጀርመንም እንደኛ መሪዋን በፓርላማ ነው የምትመርጠው። የመርክል ጎራ በአራት ምርጫዎች ያገኘው ትልቁ ድምፅ በፈረንጆቹ 2013 የመጣው 41.5 በመቶ ነው። አንድም ጊዜ ብቻቸውን አልገዙም። ሁልጊዜ ከሌላ ፓርቲ ጋር ተደራድረው፣ ሰጥተው ተቀብለው ነው። ይህን ስናገር አንድ ጓደኛዬ «የእኛ አገር በ41 በመቶ አይገዛም፣ ይፈርሳል» ይለኛል። እኔ ደግሞ በመቶ በመቶውም አልተገዛም እለዋለሁ።

ወደ 2013 ልምጣ። ምርጫው መጀመሪያ ነሐሴ 2012 ነበር፤ በኮሮና ተራዘመ። ትግራይ አልጠብቅም ብላ ጳጉሜ 4 ቀን 2012 ለብቻዋ መረጠች። ሕወሓት 98.2 በመቶ አገኘ ተባለ፤ ለውድድር የቀረቡትን 152 ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ተነሳ። የቀረው አገር ሰኔ 14 ቀን 2013 መረጠ። ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። ምርጫ ቦርዱን የምትመራው በ1997 ከቅንጅት መሪዎች ጋር የታሰረችው ብርቱካን ሚደቅሳ ነበረች። ያን ቀን አንዳንድ ቦታ ሰው እስከ ማታ 3 ሰዓት ተሰልፎ ድምፅ ሰጥቷል። ይህን ሰልፍ አላቃልለውም። የመምረጥ ጉጉቱ እውነተኛ ነበር።

ውጤቱ ሐምሌ 3 ሲወጣ ብልጽግና 410፣ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አገኙ። ይህንንም ለብቻው ካነበብነው ብልጽግና ከ436ቱ 94 በመቶ ወሰደ ማለት ነው። ጎኑ ያለውን ስናይ ትግራይ በምርጫው አልነበረችም። ኦሮሚያ ላይ ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ አልተወዳደሩም። ሶማሌና ሐረሪ የመረጡት በመስከረም ነው። ከምርጫው በኋላ የተደረገ አንድ ነገር ግን በበጎ አነሳዋለሁ። ሥርዓቱ ሳያስገድድ የኢዜማውና የአብኑ መሪዎች ሚኒስትር ሆነው ካቢኔ ገቡ። ወንበሩ ያልሰጣቸውን ድምፅ በሌላ መንገድ ለማካተት የተሞከረ ነው። በቂ ነው አልልም።

መስከረም 24 ቀን 2014 አዲሱ መንግሥት ተመሠረተ። አንድ ወር አልሞላም፣ ጥቅምት 20 አካባቢ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሰው ልጁን አዝሎ በሐረጎ ቁልቁል ወረደ። የቀረው በሩን ዘግቶ ቆየ። ከተሞቹ እንደገና በመንግሥት እጅ የገቡት ኅዳር 27 ነው። 94 በመቶ ባሸነፈ ፓርቲ በሚመራ አገር፣ 98 በመቶ ባሸነፈ ፓርቲ ከሚመራ ክልል ጋር በተደረገ ጦርነት ውስጥ ነበርን። ሁለቱም ወገን በሕዝብ ተመርጫለሁ ይል ነበር። ያን ቁጥር ይዤ ከዚያ ሰሞን በኋላ የምርጫ መቶኛ ሲነገር እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

የሰባተኛውን፣ የ2018ቱን ምርጫ ውጤት እንዴት እንደማነበው ለራሴ ወስኛለሁ። የወንበሩን ድምር መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ የማየው በየምርጫ ክልሉ ስንት ዕጩ እንደቀረበ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ መቶኛው ምንም አይነግረኝም። ቀጥሎ የመረጠውንና የተመዘገበውን ሰው፣ ከዚያም ያሸነፈውን ብቻ ሳይሆን የተሸነፉትን ድምፅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ የወጣው ሰው 40 በመቶ አግኝቶ ከሆነ ያ 40 በመቶ እዚሁ ሰፈር የሚኖር ሰው ነው። ምርጫ ያልተካሄደባቸው ቦታዎችስ የትኞቹ ናቸው? የአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት ያለበትን ሁኔታ እዚህ የምንኖር ሰዎች ማንም አይነግረንም። ድምፅ ያልሰጠ ወረዳ በድምሩ ውስጥ ዜሮ ሆኖ ይቀመጣል፤ እዚያ የሚኖረው ሰው ግን ዜሮ አይደለም።

ይህን ሁሉ አሰላስዬ ከሦስት ቀን በኋላ ወደዚያው ካፌ ተመለስኩ። ጋሼውና ልጁ እዚያው ቦታ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ብዬ ገባሁባቸው። የአቶ መለስን ረድፍ በሙሉ ነገርኩት፤ 471፣ ከ470 በላይ፣ 327፣ 499። ልጁ ስልኩ ላይ መዘገበው። ከዚያ ትንሽ አሰበና «ታዲያ እዚህ የሚመረጠው የእኛው ዕጩ ከሆነ፣ ባለፈው የደሴው ስንት አመጣ?» አለ።

ጋሼው እኔን አዩ። እኔም እሳቸውን። «ስሙ ማን ነበር?» አሉ ጋሼው። አስተናጋጇን ጠየቅናት። ከኋላችን ጋዜጣ የሚያነበውንም ሰውዬ ጠየቅነው። ማንም አላስታወሰም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ መፈለግ ጀመረ።